«አልተፈተነም» ማለት «ወደቀ» ማለት ነው እንዴ?

በ1990ዎቹ ብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች ላኪው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ የማንንም መልእክት ተቀብለው ያስተላልፉ ነበር። ስፓም ላኪዎች ይቺን ክፍተት አገኟት፤ በሰው ሰርቨር ማስታወቂያቸውን ማዝነብ ጀመሩ።

ከኒው ዚላንድ ይሠራ የነበረው «ኦርብስ» የተባለ ጥቁር መዝገብ ቀላል መላ ነበረው። ወደ ሰርቨሩ የሙከራ መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩ መልእክቱን ካሳለፈው በሩ ክፍት ነው፣ አድራሻውም ይመዘገባል። መዝገቡን የሚጠቀሙ ሰርቨሮች ከዚያ አድራሻ የመጣ ኢሜይል አይቀበሉም።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ዘዴ ነው። ግን «ሳታስፈቅዱን በራችንን አትነቅንቁ» ብለው ሙከራውን ያገዱ ኔትወርኮችም መዝገቡ ውስጥ ገቡ። እኔ የማልስማማው እዚህ ጋ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ «አልለካሁትም» እና «ለክቼው ብልሽት አገኘሁበት» አንድ አይደሉም። አንድ ካደረግናቸው መዝገቡ መለኪያ መሆኑ ይቀርና መቅጫ ይሆናል። ጦሱ ደግሞ የሚተርፈው ስለ ሰርቨር ምንም ለማያውቀው ደንበኛ ነው፤ የላከው ደብዳቤ ሳይደርስ ይቀራል።

ኦርብስ በኒው ዚላንድ ፍርድ ቤት ከተሟገተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘጋ። ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ጥሩ መዝገብ «ክፍት» እና «ዝግ» ብቻ ሳይሆን «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ ዓምድም ያስፈልገዋል።