«ያስተላልፋል» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ መሣሪያ መግለጫዎች አማርኛ አጭር ሂስ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለአንድ ቃል ፍች ሲሰጥ አንባቢው ሰው መሆኑን አስቦ ነው። ፍቹ ቢጎድል አንባቢው ከዐውዱ ይሞላዋል፤ ቢጠራጠርም ይጠይቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ያነበበውን ወዲያው ወደ ተግባር የሚለውጥ ሌላ ዐይነት አንባቢ መጥቷል። ይኸውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተመራ የሥራ ሰሌዳን በሰው ምትክ የሚያስተዳድር ወኪል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእንዲህ ያለው ወኪል በአማርኛ የሚጻፍ የመሣሪያ መግለጫ በምን ምክንያት ሊያሳስት እንደሚችል መመርመር ነው።

የሥራ ሰሌዳ ማለት ሥራዎች በካርድ ተጽፈው «ያልተጀመረ»፣ «በመሠራት ላይ ያለ»፣ «የተጠናቀቀ» በሚሉ ዓምዶች የሚደረደሩበት ገበታ ነው። «መሣሪያ» የምንለውም በሰሌዳው ላይ አንድ የተወሰነ ተግባር የሚፈጽም የፕሮግራም ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በተባለው ደንብ መሠረት፣ መሣሪያ ለወኪሉ የሚቀርበው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚቀበላቸው መረጃዎች ዝርዝር ነው። ወኪሉ የፕሮግራሙን ውስጥ አያይም፤ የሚመርጠው በቃሉ ተመርቶ ነው።

አሁን «ካርድ ያስተላልፋል» የሚል መግለጫ እንውሰድ። አገላለጹ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ «ማስተላለፍ» በአማርኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍም፣ መልእክት ማድረስም፣ ለሌላ ቀን ማቆየትም ነው። ወኪሉ ካርዱን ወደ ሌላ ዓምድ ይውሰደው? ለሌላ ሠራተኛ ይስጠው? ወይስ ቀኑን ያራዝመው? ሦስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር በቅጥያ ላይ ይታያል። «ወኪሉ ሥራውን ይዘጋል» በሚለው ዓረፍተ ነገር «ሥራው» የተባለው አስቀድሞ የተጠቀሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የወኪሉ የራሱ ሥራም ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ውስን አመልካችና የሦስተኛ መደብ አገናዛቢ በመልክ አንድ ስለሆኑ፣ በንግግር ላይ ዐውድ የሚፈታው ነገር በመግለጫ ውስጥ ሳይፈታ ይቀራል።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት አንድ ምሳሌ ከራያ ቆላ እናምጣ። በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ አካባቢ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው የክረምት ጎርፍ እየተጠለፈ በቦይ ወደ ማሽላ ማሳ ይገባል። ጎርፉ በጥቂት ሰዓታት መጥቶ ያልፋል። የቦይ ጠረጋውና የውኃ ተራው በሥራ ሰሌዳ ተይዞ ወኪል ያስተዳድረዋል እንበል። በካርዱ ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ መሣሪያው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ቢሆን ማስታወቂያው ባለተራው ዘንድ የሚደርሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ውኃው ግን አይጠብቅም። «15/11/2017» የሚለውም በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 15 ቀን ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን ኅዳር ውስጥ የሚውል፣ ከዚያ ከሰባት ዓመት በላይ የሚቀድም ቀን ነው። ካርዱን በዚህ የሚያነብ ወኪል ሥራው ጊዜው አልፎበታል ብሎ ቢዘጋው ጥፋቱ የመግለጫው ጸሐፊ እንጂ የወኪሉ አይደለም።

«ጠለፋ» የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ጥልፍ ይጠለፋል፤ ልጃገረድ ትጠለፋለች፤ አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ስልክ ይጠለፋል። ነገር ግን «ጎርፍ መጥለፍ» ሲባል የሚሳሳት የለም። ግሡን የለየው አብሮት የተነገረው ተሳቢ ነው።

እስካሁን የቃላት ሥራችን በአመዛኙ ለስሞች አቻ መፈለግ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም በዋነኛነት የባዕዱን ቃል ከአማርኛ አቻው ጋር የሚያሰልፍ ነው። ጥቅሙ የማይካድ ቢሆንም ለመሣሪያ መግለጫ አቻ ቃል ብቻውን አይበቃም። እዚህ የሚያስፈልገው ድርጊትን ከጎረቤት ድርጊት የሚለይ ሙሉ ፍች ነው። ከላይ የተነቀፈው መግለጫ በሚከተለው ቢተካ ይሻላል፦

«አንድን ካርድ በዚያው ሰሌዳ ላይ ካለበት ዓምድ ወደ ሌላ ዓምድ ያዛውራል። የካርዱን ኀላፊም ሆነ የመጨረሻ ቀን አይለውጥም። ቀን ለማራዘም ‹ቀን አራዝም› የተባለውን መሣሪያ ተጠቀም። የዓምዱ ስም በሰሌዳው ላይ ከሌለ ምንም ሳትለውጥ ተጠቃሚውን ጠይቅ።»

መግለጫው ረዝሟል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥርጣሬ ያስወግዳል። ጊዜ የሚቀበል መሣሪያም የዘመን አቆጣጠሩንና የሰዓት አቈጣጠሩን በግልጽ መጥቀስ ይገባዋል። «ማጥፋት»፣ «መሰረዝ» እና «ማንሣት» በአንድ ሰሌዳ ላይ እየተለዋወጡ መግባት የለባቸውም፤ የተሰረዘው ተመልሶ የሚገኝ መሆን አለመሆኑም መነገር አለበት።

መግለጫው በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይቀላል የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም ሠራተኛው ወኪሉን የሚያዘው በአማርኛ ከሆነ «አስተላልፍልኝ» የሚለው ጥያቄ ያንኑ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል። ከዚህም በላይ የሰሌዳው ባለቤቶች በስማቸው የሚሠራው ወኪል ምን ለማድረግ እንደተፈቀደለት በቋንቋቸው አንብበው መመርመር መቻል አለባቸው።

እንግዲህ ተርጓሚው «የዚህ ቃል አቻው ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህን ያነበበ፣ ሌላ ምንም የማያውቅ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ይህ ጥያቄ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ዛሬ የፍች ጉድለት በሥራ ላይ ወዲያው መታየቱ ነው።