ከጩኸቱ በፊት የነበረው ደምሴ

ብሔራዊ ቡድናችን ትልቅ ጨዋታ ባለው ቁጥር ሬዲዮኖቻችን አንድ አሮጌ ቅጂ አቧራውን አራግፈው ያሰሙናል። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ዋንጫው በፍጹም ቅጣት ምት የእኛ ሲሆን የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ይሰነጠቃል። ሰምቶት ሆዱ የማይባባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔና እኩዮቼ ያንን ቀን የምናውቀው በዚህ ቅጂ ብቻ ነው።

ቅሬታዬም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ዕድሜውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያሳለፈን ጋዜጠኛ በአንዲት ደቂቃ እንዲታወስ ፈርደንበታል።

ደቂቃዋ ለምን እንደዚያ እንደከበደች ግን መረዳት ይቻላል። ዋንጫው ከመነሣቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም ላይ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በሰልፍና በመዝሙር ታውጇል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ የአፋቤት ሽንፈት መጣ። የ1977ቱ ረሃብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ስፖርተኛውም ቢሆን ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ካመጣ ወዲህ እስከ ባርሴሎና ድረስ 12 ዓመት የኦሊምፒክ ደጃፍ አልረገጠም፤ ከሎስ አንጀለስም ከሴኡልም ቀርተናል። በዚያ ዘመን በመንግሥት ማይክሮፎን የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ፣ የታየና የታረመ ነበር። ኳስ ግን አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም። ደምሴ ያን ቀን የጮኸው ማንም ያላረመውን ቃል ነው፤ አድማጩም ይህንን ሳይነግሩት የገባው ይመስለኛል። ዋንጫውን እኮ ከዚያ በኋላ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ደጋግመን አንስተናል። የእነዚያን ስርጭት በቃሉ የሚወጣ ማን አለ?

ነገር ግን ጩኸት ብቻውን ይህን አያደርግም። የሬዲዮ አድማጭ ዓይኑን ያዋሰው ለጋዜጠኛው ነው። ኳሷ በካታንጋ በኩል ትሁን በጥላ ፎቅ፣ ማን እግር ሥር እንዳለች፣ ለጎሉ ስንት ሜትር እንደቀራት ካልተነገረው ጨለማ ውስጥ ነው። ሰለሞን ተሰማን ከመሰሉ ቀደምቶች የተወረሰው ሙያ ይኸው ነው፦ ሜዳውን በቃል መሥራት። የመጨረሻው ደስታ አድማጩን የሚያንቀጠቅጠው ከዚያ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች አብሮ ስለተጨነቀ ነው። ቅጂው ሲቆረጥ የወደቀው ይህ ጭንቀት ነው።

ደምሴን ነቀፋ የማይነካው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ለቴሌቪዥን ያበዛ ነበር እላለሁ፤ ሥዕሉ የሚናገረውን እሱም ይደግመዋል። ወገንተኛነቱም ግልጽ ነው፤ በዚያች ቅጂ ውስጥ ዚምባብዌዎች የሉም ማለት ይቻላል። ለዚህ የመጨረሻው ይቅርታ አደርግለታለሁ፣ ለመጀመሪያው ግን አላደርግም፤ ዝም ማለትም የሙያው አካል ነውና።

የሚያሳዝነው ወራሾቹ የወረሱት ጉድለቱን መሆኑ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከተስፋፋ ወዲህ እንግሊዝ አገር የሚደረገውን ጨዋታ ስቱዲዮ ውስጥ ከቴሌቪዥን እያዩ የሚያስተላልፉ ወጣቶች በርክተዋል። ትጋታቸውን አልክድም። ሆኖም ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስሰማቸው ጎል መግባቱን እንጂ እንዴት እንደገባ አላውቅም። ከደምሴ የወሰዱት የተሰነጠቀውን ድምፅ ነው፤ ያውም በየሳምንቱ፣ ለማንኛውም ጎል።

ያ የ1980 ዓ.ም. ፍጻሜ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ በየትኛውም መዝገብ ቤት ተቀምጦ ከሆነ፣ ባለቤቶቹ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳይቆርጡ ያሰሙን። ጎል የሌለባቸውን ደቂቃዎች ደምሴ እንዴት እንዳሳለፋቸው መስማት እፈልጋለሁ።