የአጋዘን መዳብ በማን ልክ ይመዘን?

ዊልሰንና ግሬስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በኒውዚላንድ የእንስሳት ሕክምና መጽሔት ላይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም.፥ በእርሻ የሚረባ ቀይ አጋዘን ማዕድን አነሰው ወይም አላነሰውም ተብሎ በምን ቁጥር እንደሚፈረድ የሚመረምር ጽሑፍ አውጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናመሰግነውም የምንነቅፈውም ስላለን ጥቂት እንናገራለን።

አጋዘን ስንል የአገራችንን ማለታችን አይደለም። የኛው ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ ቀይ አጋዘን ግን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ ያበቅላል። ከብሪታንያ ወደ ኒውዚላንድ ተወስዶ እንደ ተባይ ሲታደን ከቆየ በኋላ፥ በ1969 አጥር አጥሮ ማርባት በሕግ ተፈቀደ። ስለ በግ የታወቀው ብዙ፥ ስለ አጋዘን የታወቀው ጥቂት ነበርና፥ የበግን ልክ ለአጋዘን ማዋስ ቀላል ነበር። ዊልሰንና ግሬስ አጋዘኑን በራሱ ልክ ለመመዘን መነሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

መዳብ ያነሰው አጋዘን የኋላ እግሮቹ ይንገዳገዳሉ። ይህ በሽታ በበግ በኩል የሚታወቀው በጠቦቱ ሲሆን፥ አጋዘንን ግን ካደገ በኋላም ይይዘዋል፤ ነርቡ አንዴ ከተበላሸ መዳብ ቢሰጡት አይድንም። ጉድለቱም ሁልጊዜ ሣሩ መዳብ በማጣቱ የሚመጣ አይደለም፤ ሞሊብዴነምና ድኝ ወይም ብረት ሲበዛ፥ መዳቡ በከርሥ ውስጥ ታስሮ ሳይጠቅም ይወጣልና።

ነቀፌታችን በቁጥሩ ላይ ነው። ጽሑፉ የደም መዳብ በሊትር ከ5 ማይክሮሞል በታች ሲሆን ጉድለት፥ ከ5 እስከ 8 አጠራጣሪ፥ ከ8 በላይ በቂ ይለዋል። ማስረጃው ግን ምን ይላል? መዳብ በመስጠት ዕድገት በግልጽ የተጨመረው የመንጋው አማካይ ከ0.9 እስከ 4 በሆነበት ነው፤ ከ3 እስከ 4 በሆነበት ደግሞ ውጤቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሆነ። ከ6 እስከ 13 በሆነበት ምንም ጥቅም አልታየም። እንግዲህ 5 የሚለው ወሰን የቆመው ማንም ባልለካው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ 8ም ጥቅም አልታየም በተባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህ ጥንቃቄ ነው እንጂ ግኝት አይደለም፤ ጥንቃቄ መሆኑም በግልጽ ሊነገር ይገባ ነበር። የገበሬው ኪሳራ ቀላል አይደለምና፤ ደንጋጩን አውሬ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ የመዳብ ሽቦ ስብርባሪ ያለበትን እንክብል ማስዋጥ ድካምም ገንዘብም ነው።

ጉበት ከደም የተሻለ ምስክር ነው፤ የመዳብ ጎተራ እርሱ ነውና፥ ደሙ የሚጎድለው ጎተራው ሊራቆት ሲቃረብ ነው። በዚህም በኩል በሽታው የሚታየው በአንድ ኪሎ ትኩስ ጉበት ከ60 ማይክሮሞል በታች ሲሆን፥ ጥቅም ያልታየው አማካዩ 98 በሆነ መንጋ ነው። አማካይ ግን አያነክስም፤ የሚያነክሰው አንዱ አጋዘን ነው።

ስለ ሴሌኒየም የተጻፈው ይበልጥ ያሳስበናል። የደሙ ሴሌኒየም በሊትር ከ130 ናኖሞል በታች የሆነ በግ ቢጨመርለት ያድጋል ተብሎ ሲጠበቅ፥ በዚሁ ልክ የተገኘ የአንድ ዓመት አጋዘን ግን ቢሰጠው ዕድገት አልጨመረም። ይሁን እንጂ ጡንቻ የሚያነጣው በሽታ በግልገል አጋዘን የተገኘው ደሙ ከ84 እስከ 140 በሆነበት ነው። ስለዚህ «አላደገም» ማለት «አያስፈልገውም» ማለት አይደለም፤ ዕድገትና ጤና ሁለት መለኪያ ይፈልጋሉ።

የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የደም መዳቡ ከ4 እስከ 6 በሆነ መንጋ፥ ግማሹ መዳብ ተሰጥቶት ግማሹ ሳይሰጠው፥ የእያንዳንዱም አጋዘን ጉበት ለብቻው ተለክቶ ይጻፍ።