አጀንዳ፣ ምሪት፣ ርክክብ

«በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» የአንዲት ትንሽ ከተማ የካቢኔ ቃለ ጉባኤ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞታል። ሲያነቡት ያምራል፤ ሲሠሩበት ግን መያዣ የለውም። ማን ያድርግ? በየትኛው ገንዘብ? እስከ መቼ? ካቢኔው ግማሽ ቀን ተከራክሮ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ፈርሞ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ጉዳይ በአዲስ አጀንዳ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

ጥሩ ጸሐፊ ያለበት ከተማ መዝገብ ሌላ መልክ አለው። ነገሩ ለምሳሌ ክረምት በመጣ ቁጥር በትምህርት ቤቱ በር ላይ እየሞላ ልጆችን የሚያስቸግር ቦይ ቢሆን፣ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ቦዩን የሚያስጠርገውና ቱቦ የሚያስቀብረው የመሠረተ ልማት ቡድኑ ነው፤ ወጪው ከማዘጋጃ ቤቱ የውስጥ ገቢ ይሸፈናል፤ ሥራው እስከ ግንቦት 30 ይጠናቀቃል፤ የቡድኑ አስተባባሪ በሰኔ የመጀመሪያ ስብሰባ አፈጻጸሙን ያቀርባል። አራት መስመር አይሞላም። ያን ያህሉን ከግማሽ ቀን ንግግር ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ክፍል ገብቶ የተማረው ጥቂት ሰው ነው፤ አብዛኛው ከቀድሞው ጸሐፊ እያየ ነው የለመደው።

በከተማ አስተዳደር ሥራው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ላይ ነው። ስብሰባው ሲሞቅ አንዱ ስለ ውኃ የጀመረውን ሌላው ወደ ግብር ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ባለፈው ሳምንት የተዘጋ ቅሬታ ይከፍታል። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው «እንግዲህ በዚሁ እንለፍ» ይላሉ። ጸሐፊው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው አንገቱን ደፍቶ «ተግባብተን አልፈናል» ብሎ ይጽፋል። የበሰለው እጁን ያነሣል፦ «ክቡር ከንቲባ፣ ውሳኔው ምን ተብሎ ይያዝ?» የትሕትና ጥያቄ ይመስላል፤ ቤቱን ግን ጸጥ ያሰኛል። ምንም እንዳልተወሰነ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

የቀረው የእጅ ጥንቃቄ ነው። ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን ከመክፈቻው በፊት መቁጠር፣ በፈቃድ የቀረውንና ያለ ፈቃድ የቀረውን መለየት፣ ስርዝ ድልዝ ያለበትን በፊርማ ማረጋገጥ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች የተረፈውን ባዶ ቦታ በሰያፍ መዝጋት፣ በየገጹ ማስፈረም። ይህ ሁሉ ከንቱ ልፋት የሚመስለው ክርክሩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ ነው። የተቃወመ አባል ካለም ስሙና ምክንያቱ በልዩነት ሐሳብነት መስፈር አለበት። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው አነጋገር ከልክ በላይ ረክሷል፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ የልዩነት ሐሳብ ያልሰፈረበት መዝገብ ከተገኘ፣ አባላቱ ሁሉ ተስማምተው ኖረዋል ከማለት ጸሐፊው ፈርቷል ማለት ይቀላል።

ማዘጋጃ ቤት በኢትዮጵያ የዛሬ ፍጥረት አይደለም። በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በከንቲባ እንዲመሩ አድርጎ ሌሎቹን ከተሞች ከእነርሱ በታች በሆነ ደረጃ አስቀመጠ። ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ወለደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ያን ሰሞን የጎረቤት ኮሚቴዎች፣ ከዚያ በፊት የቢሮ ደጃፍ ያልረገጡ ብዙ ሰዎች ጭምር፣ በአንድ ጊዜ አከራይም መዝጋቢም ሆኑ። ዛሬም ወራሽና ደባል በአንድ የቀበሌ ቤት ሲካሰሱ ጥያቄው ወደዚያ ዘመን መዝገብ ይመለሳል፦ ቤቱ ለማን ተሰጠ? መቼ? በማን ፊርማ? መዝገቡን ምስጥ ከበላው ደግሞ ሽማግሌ እየፈለጉ ማስመስከር ነው።

ባለጉዳይ ግን ቃለ ጉባኤ አያይም። እርሱ የሚያውቀው ምሪትን ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ይመራበታል፤ ባለሙያው ዘንድ ይወርዳል፤ አስተያየት ተጽፎበት እንደገና ይወጣል። መንገዱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ ያሳያል። የሚያበላሸው የምሪቱ አጻጻፍ ነው። «ይታይ» ተብሎ የተመራ ወረቀት በእርግጥም ይታያል፤ ከመታየት ግን አያልፍም። «በመመሪያው መሠረት ይስተናገድ» የሚለው ከዚህ ይከፋል፤ ኃላፊው እጁን ታጥቦ ውሳኔውን ለጀማሪ ባለሙያ የሚያሸክምበት የተወለወለ ዘዴ ነው። መመሪያው የትኛው እንደሆነ፣ አንቀጹ ስንት እንደሆነ አይጠቀስም። ባለሙያውም ስሕተት እንዳይገኝበት ፈርቶ ያስተኛዋል።

«ልጄ፣ ያቺ ወረቀቴ የት ደረሰች?»

«እማማ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ ብቅ ይበሉ።»

ሐሙስ ደግሞ መስክ ወጥተዋል። ቀጠሮ በትንሽ ከተማ የሚሰጠው ከኃላፊው ፕሮግራም ጋር ሳይገናኝ፣ በአብዛኛው ሰውየውን ለማሰናበት ነው። መፍትሔው ከኮምፒውተር በፊት አንድ ደብተር ነው፦ የተሰጠው ቀጠሮ፣ የተሰጠበት ምክንያት፣ በቀጠሮው ቀን ማን እንደሚያስተናግድ። ኃላፊው ባይኖር ተወካዩ ስሙ ተጽፎ ካልተገኘ ያ ቀን ቀጠሮ ሊባል አይገባውም።

የወረፋው ልክም ወር አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲብት የግብር መክፈያው ወቅት አብሮ ስለሚከፈት የአነስተኛው ነጋዴ ሰልፍ ግቢውን ይሞላል፤ ንግድ ፈቃድ የሚያድሰውም ከዚሁ ወር ጀምሮ ይመጣል። ይህ በየዓመቱ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ግምገማውና የኃላፊዎች ዝውውሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ክረምት ላይ መውደቁ ይገርማል። ሕዝቡ በሚበዛበት ሰሞን ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ወሳኝ ኩነትም የዕለት ሥራ ሆኗል። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በዚህ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የአንድ ፊደል ዋጋ ያውቃል። «ኃይሉ» በልደት ካርዱ ላይ «ሀይሉ» ሆኖ ቢጻፍ ጎረቤት ልዩነቱን አያየውም፤ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ውክልና ልኮ የአባቱን ቤት ስም ለማዛወር የሚሞክር ልጅ ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስረዳ ሊባል ይችላል።

ሹመት ላይ ሕጉና ልማዱ ይለያያሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። በወረቀት ላይ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ ከንቲባው የካቢኔ አባላቱን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተማ ማሻሻያ ሲጀመርም ከንቲባው ተመራጭ ፖለቲከኛ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በሙያው የሚቀጠር ሰው እንዲሆን ታስቦ ነበር። በተግባር ምደባው ፓርቲው ዘንድ አልቆ ይመጣል፤ ምክር ቤቱ አጭር የሕይወት ታሪክ አዳምጦ እጅ ያወጣል፤ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል።

የምክር ቤቶቹ ዕድሜ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ተደርጎ፣ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። ለአምስት ዓመት የተመረጠ ሰው ከዚያ በላይ ሲቆይ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ከተማ ይለቃል፣ አንዱ ሌላ ሥራ ይይዛል። ጸሐፊው ምልዓተ ጉባኤ ለመሙላት በየሰፈሩ ስልክ ሲደውል ይውላል።

ከትልቁ ሹመት ይልቅ የከተማዋን ኑሮ የሚነካው ትንሹ ነው፤ ኮሚቴ ማለት ነው። የጨረታ ኮሚቴ፣ የካሳ ገማች፣ የግብር ቅሬታ ሰሚ፣ የበዓል አዘጋጅ። የእድር ዳኛው፣ የታወቁ መምህር፣ አንዲት ነጋዴ፤ ሰው ስለሚያምናቸው ይጠራሉ። ሲሰየሙ ግን ለስንት ጊዜ እንደሆነና ለማን እንደሚያሳውቁ አይጻፍም፤ ሲበተኑም የሚጻፍ ነገር የለም። እንዲህ ሆኖ በወረቀት ላይ ዛሬም ድረስ በሕይወት ያሉ፣ አባላቱ እንኳ የረሷቸው ኮሚቴዎች በየመዝገቡ ሞልተዋል። አንዳንዱ የሚሌኒየሙን በዓል ሊያዘጋጅ ተሰይሞ እስከ ዛሬ ያልተበተነ ቢሆን አይገርምም።

ሹም ሲነሣ ርክክብ አለ። በሰነዱ ላይ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የመኪናው ጎማ ሳይቀር በቁጥር ይሰፍራል፤ ማኅተሙ በፊርማ ይተላለፋል። ተመርተው ያልተመለሱ ደብዳቤዎች፣ ተወስነው ያልተፈጸሙ ጉዳዮች፣ ለባለጉዳይ የተሰጡ ቀጠሮዎች ግን አይሰፍሩም። አዲሱ ኃላፊ «እኔ ገና መምጣቴ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ጉዳዩን ያስረከበው የለም። በመካከል ተጠባባቂ ከተቀመጠ ደግሞ ይባስ፤ ተጠባባቂ በሰው ፈንታ ደፍሮ መፈረም አይወድም።

ይህን የሚያድነው አንድ ዝርዝር ነው፣ እርሱም የጸሐፊው ሥራ ነው። የውሳኔው ቀን፣ የቃለ ጉባኤው ቁጥር፣ የተሰጠው ክፍል፣ የጊዜ ገደቡ፣ የደረሰበት ደረጃ። ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር «ያለፈው ቃለ ጉባኤ አፈጻጸም» ተብሎ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ ይነበባል። ሹም ሲለወጥ ያው ዝርዝር ከርክክብ ሰነዱ ጋር ተያይዞ ወጪውም ገቢውም ይፈርሙበታል። በጀት አይጠይቅም፤ ሥልጠናም ብዙ አይፈልግም። የማይወደደው ያልሠራውን ስለሚያሳይ ነው።

አዲስ የተሾመ ኃላፊ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከእንኳን ደስ ያለህ ጉብኝቱ በፊት፣ ይህን ዝርዝር ቢጠይቅ መልካም ነው። ባለጉዳይም ደብዳቤ ሲያስገባ በእጁ በሚቀረው ግልባጭ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፍ። በጉዳዩ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ማየት ከፈለገ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል።