ከቢሻሪ የተመረጡ እናት ዛፎች

የቡና ፍሬ በሽታ የሚይዘው ገና አረንጓዴውን ፍሬ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ትወጣበታለች። ነጠብጣቧ እየሰፋችና እየሰረጎደች ትሄዳለች፤ ፍሬውም ጠቁሮ ይጨማደድና ወይ ይረግፋል ወይ ቅርንጫፉ ላይ እንደደረቀ ይቀራል። በ1922 በምዕራብ ኬንያ የታወቀው ይህ በሽታ ወደ እኛ ሀገር የገባው በ1971 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዝናብ የማያጣው ኢሉባቦር በሽታውን ለሚያመጣው ፈንገስ ሰፊ ቤት ሆነለት።

መድኃኒት መርጨት የጓሮ ቡና ያለው ገበሬ የሚችለው ወጪ አልነበረም። ዝርያ ማዳቀል ደግሞ ረጅም ዓመታት ይፈጃል። በጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል የነበሩት የሀገራችን ተመራማሪዎችና ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመጡት ባልደረቦቻቸው ግን አንድ ነገር ልብ አሉ፤ አረቢካ ቡና ያለው በትውልድ ቀዬው ነው፣ በሽታውን የሚችል ዛፍም ከገበሬው ማሳ አይጠፋም። ስለዚህ ፍለጋ ወጡ። ሄደው የፈለጉትም በሽታው ክፉኛ የጎዳውን ማሳ ነበር፤ ዙሪያው ጠቁሮ ሳለ ፍሬዋን እንደያዘች የቆመችውን አንዲት ዛፍ ለማግኘት።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው። አንዲት ዛፍ ደህና ሆና መገኘቷ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ምናልባት ያበበችው ዘግይታ ይሆናል፣ ምናልባትም ፈንገሱ በደንብ አላገኛትም። ያመለጠችውን ከቻለችው ለመለየት በሽታውን አምጥተው ሰጧት። ፍሬው ከቅርንጫፉ ሳይነጠል የፈንገሱ ስፖር የተበጠበጠበት ውሃ ይረጭበታል፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽም ቅርንጫፉ ይሸፈናል። ሌላ አረንጓዴ ፍሬ ተለቅሞ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ይደረደርና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ይደረግበታል። ሦስተኛው ፈተና የልጆቿ ነው። የዛፏ ፍሬ ተዘርቶ ችግኙ ገና ፍሬውን እንደ ቆብ አናቱ ላይ ተሸክሞ ሳለ፣ ቅጠሉ ሳይዘረጋ፣ ለጋ ግንዱ በስፖር ይበከላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ በአንድ ይታያል፤ የጠቆረው፣ ቁስሉ ያልሰፋው፣ ጨርሶ ያልተነካው በየደረጃው ይመዘገባል። በመቶዎች የሚቆጠሩ እናት ዛፎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። አብዛኞቹ ወድቀዋል።

በኢሉባቦር ከመቱ አጠገብ ያለችው ቢሻሪ በዚህ ፍለጋ ትልቅ ድርሻ አላት። 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165 የሚባሉት ዝርያዎች ሁሉ የተገኙት ከእሷ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዛፏ የተመረጠችበትን 1974ን ያመለክታሉ፣ ቀሪው የመዝገብ ቁጥሯ ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የእናቲቱ ዘር ሲዘራ ልጆቹ እሷኑ ይመስላሉ። ከምርጫው እስከ ዘር እደላው ጥቂት ዓመታት ብቻ የበቁትም በዚህ ምክንያት ነው። አስርቱ ዓመት ሳይሞላ ዘሩ ለገበሬ መዳረስ ጀምሮ ነበር።

የዚህን ሥራ ዝርዝር ሆላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ በ1981 ለቫግኒንገን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሰፍሮ እናገኘዋለን። የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመጠጣት የተሻለ ዕድል እንዳለው ያሳየ ነው እላለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ተመራማሪው ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ በዝርያ ምርጫ ላይ ሳይሆን የዱር ቡናው በሚበቅልበት ጫካ ራሱ ላይ አተኮረ። በ2003 ለቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ጥናት በዚያው በኢሉባቦር ባለው የያዩ ጫካ ሰው ቡና ሲለቅምና ሲመነጥር እፅዋቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የጫካ ቡናውም በበቀለበት ቦታ እንዴት ተጠብቆ ሊቆይ እንደሚችል ይመረምራል። ያዩ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱ ሥራዎች ይፈላለጋሉ። ጥቂት ምርጥ ዝርያ ብቻ በየጓሮው ከተተከለ የቀረው ዘር እየሳሳ ይሄዳል። ጫካው ከጠፋ ደግሞ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ የሚፈለግበት ማሳ አይኖርም።

በ2011 የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ግብርናን በበደሌ ግቢው ያስተምራል፣ የጅማ ምርምር ማዕከልም በመቱ ንዑስ ማዕከል አለው። በዚህ ንዑስ ማዕከል የሚማር ልጅ ችግኝ በስፖር በክሎ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ቁስል ለክቶ ማየት የሚችለው ምርጡ ዛፍ ከተገኘበት መንደር ብዙ ሳይርቅ ነው። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል አላውቅም።

ዛሬ ውጭ ሀገር በሚሸጥ የተቆላ ቡና ማሸጊያ ላይ 74110 እና 74112 ተብሎ ተጽፎ ይታያል። የሩቅ ሀገር ጠጪ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ከቁጥሩ ጎን ቢሻሪ የሚል ስም ቢጨመርበት ደግ ነበር፤ እነዚያን ዛፎች ተመራማሪው እስኪደርስ ኮትኩቶ ያቆያቸው የቢሻሪ ገበሬ ነውና።