«እስከ ኤቲን» የሚለው አርእስት ምን ያህል ልክ ነው?

በ1997 እ.ኤ.አ. ማይሞ-ጋቴል፣ ቺየን፣ ጎሴትና ዚንደር የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ፣ ቴትራክሎሮኤቲንን እስከ ኤቲን የሚያደርስ ባክቴሪያ ተለይቶ መገኘቱን በአርእስቱ ያበሥራል። የሥራውን ታላቅነት አንክድም። ቴትራክሎሮኤቲን ልብስ ያለ ውሃ ለማጠብና ከብረት ላይ ቅባት ለማስለቀቅ የሚያገለግል ፈሳሽ ሲሆን፣ መሬት ላይ ሲፈስ ወደ ከርሠ ምድር ውሃ ሰርጎ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ከኢትካ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ የተገኘው ይህ ባክቴሪያ ግን፣ እኛ ኦክስጅንን እንደምንተነፍስ ሁሉ፣ መርዙን ይተነፍሳል፤ ይኸውም ኦክስጅን በሌለበት ስፍራ አራቱን ክሎሪኖች አንድ በአንድ እያነሣ በሃይድሮጂን ይተካቸዋል።

የእኛ ክርክር ከአርእስቱ ጋር ነው። ከአራቱ እርምጃዎች የመጨረሻው፣ ማለት ከቪኒል ክሎራይድ ወደ ኤቲን የሚደረገው፣ ለባክቴሪያው ዕድገት ኀይል የማይሰጥ፣ እግረ መንገዱን በዝግታ የሚፈጽመው ሥራ ነው። ይህንም በ1999 ያብራራው ያው ቤተ ሙከራ ነው። ደግሞም ባክቴሪያው ለማደግ ከሌሎች ረቂቃን ነፍሳት ድብልቅ የተወሰደ ጭማቂ እንደሚያሻው ጽሑፉ ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ለብቻው ተለየ ማለት ለብቻው ይኖራል ማለት አይደለም።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ እንዳይመስል። ቪኒል ክሎራይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ እስከ 5 ማይክሮግራም ቴትራክሎሮኤቲን ሲፈቅድ፣ ቪኒል ክሎራይድን ከ2 አያሳልፍም። እንግዲህ ሥራው በሦስተኛው እርምጃ ላይ ቢቆም፣ የፊተኛው መርዝ ጠፋ ብሎ የሚደሰት መሐንዲስ ውሃውን አክፍቶት ሊሆን ይችላል። ከጉድጓዱ የሚጠጣው ሰው ደግሞ አርእስቱን አያነብም።

ጉድለቱን የሞላው በ2003 «ኔቸር» ላይ የወጣ ሌላ ሥራ ነው። በሚሺጋን ግዛት ከኦስኮዳ የተበከለ መሬት የተገኘው ቢ.ኤ.ቪ.1 የተባለው የቅርብ ዘመድ በቪኒል ክሎራይድ በራሱ ያድጋል። በ2013 ሁለቱም ዴሃሎኮኮይደስ ማካርቲ በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። ስለዚህ ይህ ስም በአንድ መሬት ውስጥ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ቪኒል ክሎራይድን የሚፈታው የኤንዛይም ጂን መኖሩም መመርመር አለበት።

በበኩላችን ለባልንጀሮቻችን የምናሳስበው ይህን ነው፤ «መርዙ ጠፋን?» ብለን ከመጠየቅ ጋር «ወደ ምን ተለወጠ?» ብለንም እንጠይቅ። ቪኒል ክሎራይዱና ኤቲኑ ሳይለኩ ማናቸውም ውሃ ጸዳ አይባል።