የነርቭ ሴል በር ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም

ስለ ህመም የሚያስረዱ ሥዕሎችን አይታችሁ ከሆነ ይቺን ታውቋታላችሁ፦ ኒውሮፔፕታይድ የሚባል አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት መጥቶ ሴሉ ላይ ያርፋል፣ የካልሲየሙ በር ጥርቅም ይላል፣ ህመሙ አለቀ። እኔም ከኤሌክትሪክ ምህንድስና ስለመጣሁ ይቺን ማብሪያ ማጥፊያ ወድጃት ነበር። ግን እኮ ታሳስታለች።

እስቲ ኤንኬፋሊንን እንይ። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ያገኙት፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ማስታገሻ ነው፤ አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ። ከነርቭ ሴል ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት ከውስጡ 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ቻናሉ ለአፍታ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ነርቩም መልእክቱን ለቀጣዩ ሴል ይለቃል። ሥዕሏ እስከዚህ ልክ ናት።

ኤንኬፋሊን ግን ቻናሉን አይነካውም። የራሱ ተቀባይ ላይ ያርፋል፣ ተቀባዩ ጂ ፕሮቲንን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ ተለይቶ የሚወጣው ቤታ-ጋማ የተባለው ክፍል ሄዶ ቻናሉን ይይዛል። ታዲያ ቻናሉ ተዘጋ? አልተዘጋም። ብሩስ ቢን እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳየው፣ እንዲህ የተያዘ ቻናል እምቢተኛ ይሆናል፤ ለመከፈት ከወትሮው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ጠንካራ ቮልቴጅ ሲመጣ ቤታ-ጋማ ይላቀቃል፣ ቻናሉም ለጊዜው ወደ ፈቃደኝነቱ ይመለሳል።

እንግዲህ አስቡት፦ አልፎ አልፎ የሚመጣ ምልክት ይታፈናል፣ በጥድፊያ የሚደጋገም ምልክት ግን በከፊል ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል። ይሄ ከማብሪያ ማጥፊያ ይልቅ ወንፊት ይመስላል።

«ምን ለውጥ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው። ሞርፊን ይህንኑ የጂ ፕሮቲን መንገድ ይጠቀማል። ከመርዛማ የባሕር ቀንድ አውጣ የተገኘው ዚኮኖታይድ ግን የቻናሉን ቀዳዳ ራሱን ይደፍናል። ኃይለኛ ህመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጠው በቀጥታ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ነው፤ ማዞርና ግራ መጋባትም ሊያስከትል ይችላል። በሥዕሏ ዓይን ሁለቱም «በሩን ዘጉ» ናቸው። የሚለያያቸውን ነገር ደብቃ፣ የተሻለ መድኃኒት ለመፈለግ የሚያስፈልገንን ጥያቄ ትቀማናለች።

ስለዚህ ሥዕሏን ስታገኟት አትጣሏት፣ ግን ጠይቋት፦ «ሴሉ ደጋግሞ ሲተኩስስ ምን ይሆናል?» መልስ ከሌላት፣ ትምህርቱ ገና ግማሽ ላይ ነው።